ኮርስ ለብቻው የሚይዝ መምህር ማዘጋጀት፦ ለዲፓርትመንቶችና ለኮርስ ባለቤቶች የአሠራር መመሪያ

ሰሚስተር ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ የማስተርስ ተማሪ ወይም ጂኤ (ረዳት ሆኖ የተቀጠረ አዲስ ምሩቅ) ይጠራና "ይቺን ኮርስ ያዝልን" ይባላል። እጁ ላይ የሚደርሰው በፍላሽ የተገለበጠ የአምና ስላይድ፣ የሴክሽኑ ስም ዝርዝርና የመማሪያ ክፍሉ ቁጥር ነው። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ የተመረጠውም ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ነው። ማወቅና ማስተማር ግን ለየቅል ናቸው። በስድስተኛው ሳምንት ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው፤ ሚዱን በአንድ ሌሊት ያወጣል፤ ግማሹ ክፍል ይወድቃል፤ እሱም ተማሪዎቹ ደካሞች ናቸው ብሎ ይደመድማል። ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም፤ ኮርሱ የተሰጠበት መንገድ ያመጣው ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር አንድ ሙሉ ሰሚስተር ይወስዳል። መሠረቱ ኮርሱን በአንዴ ከማሸከም ይልቅ በቁራጭ በቁራጭ ማስረከብ፣ እያንዳንዱን ቁራጭም በዕለቱ ማረም ነው። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ጉባኤ ቤት ቅኔ ሊማር የገባ ተማሪ በሁለት ቤቷ (ሁለት ስንኝ ባላት) ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን አይሞክርም። የቆጠረውን (የደረሰውን ቅኔ) ይዞ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ሳያሳድሩ ያቀኑለታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ሥርዓት ከደጃፋቸው አግኝተው ሳይጠቀሙበት መቅረታቸው ያስቆጫል።

ኤችዲፒ (ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰጠው የማስተማር ሥልጠና) አለ የሚል ይኖራል። ኤችዲፒ ጠቃሚ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ክፍል ገብቶ ማስተማር ለጀመረ መምህር ነው። እዚህ የምናወራው ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው።

1. ማንን፣ የትኛውን ኮርስ፣ ስንት ሴክሽን

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ኮርስ፣ አንድ ሴክሽን ብቻ ስጡ። ኮርሱ አሰልጣኙ መምህር፣ ማለትም ጀማሪውን የሚያዘጋጀው የኮርሱ ባለቤት፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያስተማረው ይሁን፤ አሰልጣኙ ራሱ አዲስ ከሆነበት የሚያርመው ነገር አይኖረውም። የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ይመረጣል። የፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ብዙ ተማሪ በአንድ ክፍል የሚያጭቅ ስለሆነ ጀማሪን ያደክማል፤ የተመራቂ ክፍል ኮርስ ደግሞ የመውጫ ፈተና ጫና አለበት። መውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በሁሉም ትምህርት ክፍሎች ከተጀመረ ወዲህ በአንድ ኮርስ ላይ የተዘለለ ምዕራፍ ተማሪው ሊመረቅ ሲል ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ቴሲሱን ለማስገባት ጥቂት ወራት የቀሩትን ተማሪ አትምረጡ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ለ1 ሰዓት ክፍለ ጊዜ ቢያንስ 4 ሰዓት ዝግጅት ያስፈልገዋል። በሳምንት 3 ሰዓት የሚያስተምር ከሆነ 12 ሰዓት ዝግጅት፣ 3 ሰዓት ክፍል፣ 2 ሰዓት የተማሪ ጥያቄ ማስተናገጃ፣ በአማካይ 3 ሰዓት እርማት፤ ድምሩ 20 ሰዓት ነው። የሳምንቱ ግማሽ ማለት ነው። የቴሲስ አማካሪውም ይህን ቁጥር ከፊርማው በፊት ማየት አለበት፤ ካላየ በኅዳር "ዳታህ የት ደረሰ?" የሚል ጥያቄ ይመጣና ከሁለቱ አንዱ ይበላሻል።

2. ሰሚስተሩ ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት፦ የኮርሱ ማኅደር

አሰልጣኙ በአንድ ክላሰር እነዚህን ያስረክብ፦ የካሪኩለሙን የኮርስ ገጽ፣ የአምናውን ኮርስ አውትላይን፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሚድና ፋይናል ከነአንሰር ኪያቸው፣ የተማሪዎቹን የውጤት ስርጭት (ስም የሌለበትን)፣ እና በገዛ እጁ የጻፈውን አንድ ገጽ፦ ተማሪ የሚሳሳትባቸው አምስት ቦታዎች። ይህች የመጨረሻዋ ገጽ ከስላይዱ ሁሉ ትበልጣለች። ስላይድ ምን እንደሚባል ይነግራል፤ ይህች ገጽ ግን ተማሪው የት ላይ እንደሚንገዳገድ ትነግራለች።

ቀጥሎ ጀማሪው አውትላይኑን ራሱ እንደ አዲስ ይጻፈው። የአምናውን ቀን ቀይሮ ማተም አይፈቀድም። አጻጻፉ ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን መሥራት እንዲችል ይፈለጋል፣ ይህን መቻሉ በምን ይታወቃል፣ ለዚያ የሚያበቃው ትምህርት የቱ ነው። "ይረዳል"፣ "ያውቃል" የሚሉ ግሦች ይሰረዙ፤ መረዳትን ማንም በዓይኑ አያይም። "ያሰላል"፣ "ያነጻጽራል"፣ "ለይቶ ያወጣል"፣ "ምክንያቱን ጽፎ ያስረዳል" የሚሉት ይግቡ።

ጊዜው ይቆጠር። 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪውን የሥራ ሰዓት የሚለካ ክሬዲት) ያለው ኮርስ 135 የተማሪ የሥራ ሰዓት አለው። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ክፍል ውስጥ 48 ሰዓት ይሄዳል፤ የቀረው 87 ሰዓት ተማሪው ለብቻው የሚሠራበት ነው፤ በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ጀማሪ መምህራን ይህን 87 ሰዓት ይረሱታልና ሁሉን ነገር በ48ቱ ውስጥ ለመናገር ይሮጣሉ። ለእያንዳንዱ ሳምንት ተማሪው ውጭ የሚሠራው አንድ ነገር በስም ይጻፍ፤ የትኛው ገጽ፣ ስንት ጥያቄ፣ መቼ የሚመለስ።

ከ16ቱ ሳምንታት ትምህርት የሚመደበው ለ13ቱ ብቻ ነው። አንዱ ለሚድ ይሄዳል፤ ሁለቱን ባዶ ተዉአቸው። ምዝገባ ይዘገያል፣ በዓል ይገባል፣ ፕሮግራም ይገፋል። ባዶ ሳምንት ያልተወ አውትላይን መጨረሻው ላይ ሦስት ምዕራፍ በሃንድአውት ማደል ነው።

3. ማይክሮ ቲቺንግ፦ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ 10 ደቂቃ

ማይክሮ ቲቺንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እነ ድዋይት አለን ያመጡት ስልት ነው፦ አጭር ትምህርት፣ ጥቂት ተማሪ፣ ወዲያው አስተያየት፣ ከዚያ ያንኑ እንደገና ማስተማር። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ያስተምራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ያበቃል። ጥቅሙ ያለው እንደገና ማስተማሩ ላይ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ባልደረቦች ይቀመጡ፤ ከተቻለ ሁለቱ ከሌላ ትምህርት ክፍል ይምጡ፤ የማያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው የሚጠቅመው። ስልክ ከኋላ ወንበር ላይ ቆሞ ይቅረጽ። በእያንዳንዱ ዙር የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዙር አንድ፣ ሰሌዳ። ስላይድ ክልክል ነው። ጀማሪው ቾክ ይዞ ይቁምና 10 ደቂቃ ያስተምር። ሲያበቃ ሰሌዳው ፎቶ ይነሣና "ዛሬ የቀረ ተማሪ ይህን ፎቶ ቢያይ ምን ይገባዋል?" ተብሎ ይጠየቅ። ብዙውን ጊዜ ፎቶው ላይ የሚታየው የተበታተነ ቃልና ወዴት እንደሚያመለክት የማይታወቅ ቀስት ነው። መፍትሔው ሰሌዳውን በሦስት መክፈል ነው፦ በግራ የዕለቱ ጥያቄና አዳዲስ ቃላት (እስከ መጨረሻው አይጠፉም)፣ በመሀል ሥራው፣ በቀኝ ተማሪ የሚሠራው። ሲጽፉ መናገር ማቆም፣ ጽፈው ዞሮ መናገር፤ ለሰሌዳ የተነገረ ቃል ሦስተኛው ረድፍ አይደርስም።

ዙር ሁለት፣ ጥያቄ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን መልሱ እንደሚረዝምና የሚመልሱት ተማሪዎች እንደሚበዙ አሳይታለች። በቪዲዮው ላይ ሰከንዱን ቁጠሩት። ጀማሪው ጠይቆ ራሱ ሲመልስ ያያል። "ገባችሁ?" የሚለው ጥያቄ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር። ለእሱ የሚመለሰው "አዎ" ብቻ ነው፤ አክባሪ ተማሪ መምህሩን በሰው ፊት "አልገባኝም" ብሎ አያሳፍርም። በምትኩ ሁሉም ደብተሩ ላይ የሚጽፈው አጭር ጥያቄ ይሰጥና መምህሩ በረድፉ መሀል እየሄደ ይመልከት።

ዙር ሦስት፣ ያንኑ ትምህርት ተስተካክሎ። አዲስ ርዕስ አይቀየርም።

አስተያየት አሰጣጡ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ያስተማረው ሰው ራሱ ይናገራል። ቀጥሎ እንደ ተማሪ የተቀመጡት የገባቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ይህ ከምስጋናም ከነቀፋም ይበልጣል። በመጨረሻ አሰልጣኙ ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል፦ አንድ የሚቀጥል፣ አንድ የሚቀየር። አሥራ ሁለት ስህተት የተዘረዘረለት ሰው አንዱንም አያርምም።

ምሳሌ እንውሰድ፦ በአፈር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ውስጥ የአፈር አሲዳማነት። የአዊና የምዕራብ ጎጃም ደጋ ለዚህ ምቹ ነው፤ የዝናቡ ብዛት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ስለሚወስደው አሲዳማ አፈር ሰፊ ችግር ነው፤ ከገበሬ ቤት የመጣ ተማሪም ኖራ ሲበተን አይቷል። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ በትርጉም ይጀምራል፦ ፒኤች የሃይድሮጅን አየን መጠን ኔጌቲቭ ሎጋሪዝም ነው። ክፍሉ ይጽፋል። ከዚያ "የአንዱ ማሳ ፒኤች 5.5፣ የሌላው 4.5 ቢሆን ሁለተኛው በምን ያህል ይበልጥ አሲዳማ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ አብዛኛው ተማሪ "በአንድ" ይላል። መልሱ አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከዚህ ጥያቄ ይጀመር፤ ተማሪው ግምቱን ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን እንደሚጎዳ ሲነገረው "ያቺ አንዲት ነጥብ" ለምን ማሳ እንደምትጥል ይገባዋል።

ሙከራውን ክፍል ውስጥ ማሳየት የሚፈልግ 10 ግራም አፈር በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይበጥብጥ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስለሚቆይ ብጥብጡ ክፍል ከመግባት በፊት መሠራት አለበት። በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የበጠበጠ ጀማሪ ውጤቱን ሳያነብ ደወል ይደውልበታል። በሌሎች ትምህርቶችም እንዲሁ ነው፦ ሶፍትዌር የሚከፈትበት፣ ናሙና የሚቀዘቅዝበት፣ ጽሑፍ የሚነበብበት ጊዜ በቅድሚያ በሰዓት ተለክቶ ይታወቅ።

4. በሰሚስተሩ ውስጥ፦ ርክክቡ

ከሳምንት 1 እስከ 3 ጀማሪው ከኋላ ይቀመጣል፤ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ማስታወሻ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ይከፍላል፦ ሰዓት፣ መምህሩ ያደረገው፣ ተማሪዎቹ ያደረጉት። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ከወጣ ያየው አሰልጣኙን ብቻ ነው ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ኩዊዝ ያርማል፣ ስም ይለያል፣ ቲዩቶሪያል ይይዛል።

ከሳምንት 4 እስከ 6 በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 15 ደቂቃ ይወስዳል። የሚወስደው መሀሉን ሳይሆን መክፈቻውን ወይም መዝጊያውን ነው፤ ጀማሪ የሚያቅተው እነሱ ናቸውና።

ከሳምንት 7 እስከ 9 በሳምንት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ። አሰልጣኙ ከኋላ ይቀመጣል፤ አይናገርም። ይህ ለአንጋፋ መምህር ከባድ ነው። ጀማሪው ሲሳሳት እጁን አውጥቶ ማረም ያምረዋል፤ ያን ካደረገ ግን ክፍሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። ስህተቱ ትምህርቱን የሚያጣምም ከሆነ ከክፍል በኋላ ይነገረውና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ራሱ ጀማሪው "ባለፈው እንዲህ ብዬ ነበር፤ ትክክሉ ይህ ነው" ብሎ ያርመዋል። ስህተቱን በራሱ አፍ የሚያርም መምህር ክብር አይቀንስበትም።

ሳምንት 10 እና 11 ሁለት ተከታታይ ሳምንታት ሙሉ በሙሉ የእሱ ናቸው። አንድን ክፍለ ጊዜ አሳምሮ የሚያስተምር ብዙ ነው፤ ችግሩ የሚታየው ሰኞ የቀረውን ረቡዕ ላይ ማስተካከል ሲኖርበት ነው። ከሳምንት 12 ጀምሮ ለብቻው ይይዛል፤ አሰልጣኙ በቀጠሮ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገባል።

ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍለ ጊዜ አንድ ገጽ የትምህርት ዕቅድ ይጻፍ፤ ከሁለት ገጽ ካለፈ ክፍል ውስጥ አይነበብም። ዕቅዱ ላይ "ጊዜ ካጠረ የሚዘለል" የሚል መስመር ይኑረው። ይህ መስመር ሲጎድል ጀማሪው ጊዜ ሲያጥረው የሚዘልለው መልመጃውን ነው፤ ከሁሉ የሚያስፈልገውን።

የዕለቱ አስተያየት በዕለቱ ይሰጥ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ለዓርብ የተላለፈ አስተያየት ወሬ ነው።

በሳምንት 6 መጨረሻ ተማሪዎቹ ስም በሌለበት ቁራጭ ወረቀት ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦ እንድትማር የረዳህ ምንድን ነው፣ ያስቸገረህስ፣ ምን ይቀየር። በሰሚስተር መጨረሻ የሚሞላው የመምህር መገምገሚያ ፎርም ለእነዚህ ተማሪዎች ምንም አይፈይድም፤ እነሱ አልፈዋል። ጀማሪው ወረቀቱን ሰብስቦ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ "ይህን እቀይራለሁ፤ ይህን ግን በዚህ ምክንያት አልቀይርም" ብሎ ይመልስላቸው።

5. ፈተና ማውጣትና ማረም፦ ከሁሉ የሚረሳው

ማስተማር ሲባል ሁሉም ንግግሩን ያስባል። ጀማሪ መምህር ተማሪን በእውነት የሚጎዳው ግን በመጥፎ ፈተና ነው፤ ደካማ ንግግር በመጽሐፍ ይካሳል፣ ያላግባብ የተሰጠ ዲ ግን ግሬድ ሪፖርት ላይ ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ ከሥልጠናው ጊዜ ሲሶው ለዚህ ይዋል።

ማውጣቱ በሠንጠረዥ ይጀምራል። በግራ ምዕራፎች፣ በላይ የጥያቄው ዓይነት ሥራ (ማስታወስ፣ ማስረዳት፣ መሥራት፣ ማመዛዘን)። ከ30 የሚታሰብ ሚድ ሦስት ምዕራፍ ይሸፍናል እንበል፤ ለምዕራፍ አንድ 4 ሰዓት፣ ለሁለት 6 ሰዓት፣ ለሦስት 5 ሰዓት ተሰጥቷል። 15 ሰዓት ለ30 ማርክ፤ በሰዓት 2 ማርክ። ስለዚህ 8፣ 12፣ 10። ያለዚህ ስሌት ጀማሪው ራሱ የሚወደውን ምዕራፍ ይፈትናል፤ ብዙ ጊዜ ቴሲሱን የሚሠራበትን።

የምርጫ ጥያቄ ላይ የሚታዩ ስህተቶች ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ጀማሪው እንዳይከራከሩበት ያብራራዋል። "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚለው ምርጫ ከገባ መልሱ እሱ ነው። "አይደለም" የሚል ቃል ሳይሰመርበት ይቀመጣል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ማንም የማይመርጣቸው ናቸው። የተሳሳተ ምርጫ መውጣት ያለበት ከተማሪ ስህተት ነው፤ ከላይ ባለው ምሳሌ "በአንድ" የሚለው መልስ የተዘጋጀ የተሳሳተ ምርጫ ነው።

የጽሑፍ ጥያቄ አንሰር ኪ ፈተናው ከመታተሙ በፊት ይጻፍ። ጀማሪው ፈተናውን ራሱ በሰዓት ይሥራው፤ እሱ 20 ደቂቃ ከፈጀበት ለተማሪ 60 ደቂቃ ይስጥ። ከዚያ ሌላ መምህር ሳያይ እንዳይታተም። ማታሚያው ክፍል ጋ የሚሄደው ጀማሪው ራሱ ይሁን፤ የተበላሸውን ወረቀትም ይዞ ይመለስ። የፈተና ሶፍት ኮፒ የጋራ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥም።

እርማት ላይ ይህን አድርጉ። ከተሰበሰበው ወረቀት 10ሩ ስማቸው ተሸፍኖ ኮፒ ይነሣ፤ ጀማሪው፣ አሰልጣኙና አንድ ሌላ መምህር ለየብቻቸው፣ ወረቀቱ ላይ ሳይጽፉ፣ ያርሟቸው። ቀጥሎ ውጤቱ ጎን ለጎን ይደረደር። በ10 ማርክ ጥያቄ ላይ ከ2 በላይ ልዩነት ከመጣ ጉድለቱ ከአራሚው ሳይሆን ከአንሰር ኪው ነው፤ "ጥሩ ማብራሪያ፣ 10" የሚል ኪ ለሦስት ሰው ሦስት ትርጉም አለው። "ምክንያቱን ከጠቀሰ 3፣ ሂደቱን በቅደም ተከተል ከጻፈ 4፣ ምሳሌ ከሰጠ 3" ተብሎ ይተንተንና 10ሩ እንደገና ይታረሙ። ይህ አንድ ከሰዓት በኋላ ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል።

የቀረው ወረቀት በጥያቄ እንጂ በተማሪ አይታረም፦ የሁሉም ጥያቄ አንድ፣ ከዚያ የሁሉም ጥያቄ ሁለት። በጥያቄ ከታረመ የመጀመሪያው ጥያቄ ድንቅ መልስ ሁለተኛውን አያስውበውም። 60 ተማሪ፣ አራት የጽሑፍ ጥያቄ፣ በጥያቄ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 12 ሰዓት ነው፤ በአንድ ሌሊት አይሞከርም። በቀን ከ3 ሰዓት አይበልጥ። ሲደክም ማርክ ይለግሳል ወይም ይቆነጥጣል፤ ሁለቱም በደል ነው።

ሚዱ ታርሞ በ10 ቀን ውስጥ ወረቀቱ ለተማሪው ይታይ። ከግማሽ በላይ ክፍሉ የሳተውን ጥያቄ ጀማሪው ለብቻው ለይቶ ይመርምር፦ ጥያቄው ነው የተምታታው ወይስ ያልተማረ ነገር ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ማርኩ ለሁሉም ይስተካከል፤ ሁለተኛው ከሆነ እንደገና ይማር።

6. ቋንቋ

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክፍሉ ግን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አውንጂ፣ ትግርኛና ሌላም አፉን የፈታበት ቋንቋ ያለው ተማሪ ይዟል። ጀማሪ መምህር ሲጨንቀው ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ፊት የተቀመጡት ይስቃሉ፣ ያወራሉ፤ ከኋላ ያለው ልጅ ደብተሩን ያያል። አማርኛ ጭራሽ ይቅር ማለት ግን አይደለም። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ በቀላልና በአጭር እንግሊዝኛ ይፈታ፤ ሥዕል ወይም ቁጥር ይሰጠው። አማርኛ ካስፈለገ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፤ የተባለው ነገር ተመልሶ በእንግሊዝኛ ይደገም። ተማሪ በአማርኛ ከጠየቀ መምህሩ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ለክፍሉ ደግሞ ከዚያ ይመልስ። ስለ ፈተና ቀን፣ ስለ አሳይመንትና ስለ ማርክ የሚነገር ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይለጠፍ።

7. መብራት፣ ዝናብ፣ ክፍል

መብራት ይጠፋል። ያለ ፕሮጀክተር ሊሰጥ የማይችል ትምህርት ገና አልተዘጋጀም። ቾክና ማጥፊያ በራስ ቦርሳ ይያዝ። ክረምቱ ሳይወጣ ወይም በልግ ሲገባ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ክፍል ዝናብ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም፤ እየጮኹ መቀጠል ጉሮሮ መጨረስ ነው። ለዚያ ሰዓት የሚሆን፣ ተማሪ በጥንድ ጽፎ የሚሠራው 15 ደቂቃ የሚፈጅ መልመጃ ሁልጊዜ በፋይል ውስጥ ይኑር።

8. ከተማሪ ጋር ያለ ርቀት

ጀማሪው ከተማሪዎቹ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ካፌ አብረው በልተዋል፣ ምናልባት ዶርም ተጋርተዋል፣ የአገር ልጅም ይኖርበታል። ይህ አስቀድሞ ተነጋግረውበት እንጂ ሲደርስ የሚፈታ አይደለም።

ውጤት ሲለጠፍ በር ላይ የሚመጣው ልጅ "ቲቸር፣ ትንሽ ቢያዩልኝ፤ በ2 ማርክ ነው የቀረሁት" ይላል። ቤተሰቡን ይጠራል፣ ያለቅሳል። ጀማሪው ልቡ ይሸነፋል ወይም ይቆጣል። ሁለቱንም የሚያስቀረው አንድ የተለማመደው ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ወረቀትህን እናየዋለን፤ የተሳሳትኩት ካለ አስተካክላለሁ፤ ያልጻፍከውን ግን ልሰጥህ አልችልም።" ይህ በማይክሮ ቲቺንጉ ላይ በድራማ መልክ ይለማመድ፤ አንዱ ተማሪ ሆኖ ይለምን። ልመናውን በግሉ ሰምቶ ማርክ የጨመረ መምህር፣ ያልለመነውን ተማሪ በድሏል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ተማሪ ቢሮ ሲገባ በር ክፍት ይሁን። በሚያስተምሩት ሰሚስተር ከተማሪ ጋር የፍቅር ግንኙነት የለም፤ ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ ማርክ በሚሰጥ እጅ ሥር ያለች ሴት ተማሪ በነፃነት እምቢ ማለት አትችልምና። ስጦታ፣ የተገዛ ምሳም ቢሆን፣ አይቀበል። የቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወቂያ ይሁን፤ የግል መልእክት ላይ ስለ ማርክ መልስ አይሰጥ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይጻፍ። ዘመድ የሆነ ተማሪ ሴክሽኑ ውስጥ ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ለዲፓርትመንቱ ይነገርና የእሱን ወረቀት አሰልጣኙ ያርመው።

9. ለብቻው ይያዝ የሚባለው መቼ ነው

"ጎበዝ ነው" ማለት መመዘኛ አይደለም። አሰልጣኙ በእጁ የሚይዛቸው ማስረጃዎች እነዚህ ናቸው፦ ራሱ የጻፈው አውትላይን፤ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ያስተማረበት የትምህርት ዕቅድ ከነእርማቱ፤ አንድ ሚድ ከነሠንጠረዡና ከነአንሰር ኪው፤ ከሁለተኛ አራሚ ጋር ልዩነቱ በ10 ማርክ ከ2 ያልበለጠ እርማት፤ የተማሪዎቹ የሳምንት 6 አስተያየትና የሰጠው መልስ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ያ ብቻ ተለይቶ በሚቀጥለው ሰሚስተር ይደገም። ሁሉንም ከአዲስ ማስጀመር አያስፈልግም። ንግግሩ ጥሩ ሆኖ ፈተናው ደካማ የሆነ ሰው ኮርሱን ያስተምር፣ ፈተናውን ግን ከአሰልጣኙ ጋር ያውጣ።

ለአሰልጣኙም ጊዜው በሎድ (በመደበኛ የማስተማር ሰዓቱ) ይታሰብለት። በሳምንት ቢያንስ 3 ሰዓት ይወስድበታል፤ በደግነት ብቻ የሚሠራ ሥራ ከሆነ በሳምንት 5 ላይ ይቆማል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ መምህር ማሰልጠን እዚህ አገር ራሱን የቻለ ሥራ ተብሎ ግቢ የተሠራለት ነገር ነበርና፣ ለዛሬውም አሰልጣኝ ሦስት ሰዓት ሎድ መመደብ የሚበዛ አይደለም።

ጀማሪው ለብቻው በያዘው የመጀመሪያ ሰሚስተር አሰልጣኙ በሳምንት 2፣ 6 እና 11 ይግባ፤ ከሳምንት በፊት ተነግሮት። በሰሚስተሩ መጨረሻ ማኅደሩ ወደ ዲፓርትመንቱ ይመለሳል፤ ጀማሪው ግን ከመመለሱ በፊት ያቺን አንድ ገጽ፣ ተማሪ የሚሳሳትባቸውን አምስት ቦታዎች፣ ባየው መሠረት አስተካክሎ እንደገና ይጻፋት።